የአራት ዓመት እንግዶች

«እነዚህ የጓሮ ክፍሎች ውስጥ ማን ይኖርና ነው ደንብ የሚቀየረው?» አሉ አቶ ጃፈር ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርገው ይዘው። «እኛ ሰፈር ኪሊማኒ ያሉት እንደሆነ የቀለም ጣሳና የተሰበረ ወንበር ነው ያለባቸው!»

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሳቀ። ልጃቸው ሰብሪና በአባቷ ኮርታ ፈገግ አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ምርቃትም ለይምሰል ሳቀች።

ምርቃት አራት ዓመት የኖረችው ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ ነው። ናይሮቢዎች ኤስኪው ይሉታል፤ ከትልቁ ቤት ጀርባ ለቤት ሠራተኛ ተብሎ የሚሠራ፣ አልጋ ከገባበት ጠረጴዛ የማያስገባ ክፍል። እናቷ ሙሉመቤት ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ታበስላለች፤ በዚያ አካባቢ ሌላ ቤት በእሷ ደመወዝ አይቀመስም። ጓሮ ማከራየት ስለማይፈቀድ፣ የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ኩለሱምና እናቷ ገና ሲገቡ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ለጠየቀ ሁሉ «እንግዶች ናቸው» ይባላል። አበሻ ቤት እንግዳ ቢሰነብት ማን ይገረማል?

ምርቃት ግን እንግድነቱ ብቻ አልበቃትምና ለሰብሪና ጨመር አደረገችበት። ትልቁ ቤት የአክስቷ ሆነ፤ የእሷ መኝታ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ በረንዳ ያለው። ሰብሪና ልግባ ባለች ቁጥር አክስትየዋ ይታመማሉ። አንዳንድ ሳምንት እኒያ ምስኪን ሴት ሁለቴ ይታመሙ ነበር።

አሁን ከተማው ደንቡን ሊያሻሽል ነው፤ ባለግቢዎች ትንንሽ ቤቶች ሠርተው በሕግ እንዲያከራዩ። መምህራቸው ስብሰባውን ተከታትለው እንዲጽፉ ክፍሉን በሙሉ አምጥቷል። ወይዘሮ ኩለሱም ግን ቅጣት ፈርተዋል፤ ደንቡ ካልተቀየረ የትምህርት ተርሙ ሲያልቅ እነምርቃት ይወጣሉ። ከቤቱ ጋር ትምህርት ቤቱም ይቀራል።

«እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው አለ?» አለች ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣችው ሴት። «ከሌለ፣ ኪሊማኒ አያስፈልገውም ብለን እንጽፋለን።»

ምርቃት ዞር ስትል ወይዘሮ ኩለሱምን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ሲነካኩ አየቻቸው። እናቷ ጠዋት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ነው የሸኘቻት።

«ሲ ኡናኦና? አየሽ አይደል?» አለች ሰብሪና በሹክሹክታ። «ኖባዲ! አንድ ሰው የለም፤ ዳዲ ልክ ነው።»

ምርቃት እጇን አወጣች። ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ምርቃት እባላለሁ። ከእናቴ ጋር ኤስኪው ውስጥ ነው የምኖረው። የቀለም ጣሳ የለንም።» ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሴት ዞረች። «እናቴ ወደ ሥራዋ በእግሯ ትሄዳለች፣ እኔም እዚህ በእግሬ እመጣለሁ። ደንቡ ካልተቀየረ ግን ከዚህ መሄዳችን ነው።»

አሁን የሳቀ የለም።

«የማን ግቢ ነው?» አሉ አቶ ጃፈር።

ምርቃት የራሷን ተናገረች እንጂ የሰው አትናገርም።

«የእኔ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይዘሮ ኩለሱም ቆመዋል። «ልጅቷ ተከራዬ ናት። እንግዶች ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ።»

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ሴት ጻፈች፤ ውሳኔው በኋላ እንደሚነገር ተናግራ ስብሰባውን ዘጋች።

ሰብሪና ምርቃትን እስከ ወይዘሮ ኩለሱም ግቢ በር ድረስ ተከተለቻት።

«በረንዳውስ?» አለች።

«የለም።»

«አክስትሽስ?»

«አየሻቸው እኮ። ታመው አያውቁም።»

ሰብሪናን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔን እንኳን፣ ምርቃት? እኔን?»

ምርቃት ሁልጊዜ እዚህ ጋ «ቻው» ብላ በሩን ከኋላዋ ትዘጋው ነበር። ዛሬ ለሰብሪና ክፍት ተወችውና ወደ ጓሮ ሄደች።