የቀኙ ቀንድ

የዘንዶው ቀኝ ቀንድ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ተልጧል።

ሱዩን ብሩሿን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየችው። ከጥቂት ቀናት በፊት ራሷ ቀብታ፣ ራሷ ዳብሳ፣ ደርቆ ሲያብለጨልጭ ትታው የሄደችው ቀንድ ነው። አሁን ከውስጥ በኩል፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ እንጨቱ እስኪታይ ተፍቋል። ግራው ቀንድ ግን ምንም አልሆነም።

«አይጥ ይሆናል» አለች ለራሷ። አይጥ ቀለም እንደማይበላ ታውቃለች፤ ቢሆንም አለች።

ሱዩን የዩኒቨርሲቲው የዘንዶ ጀልባ ቡድን ባንዲራ ነጣቂ ናት። ውድድሩ ጀልባው መስመር ስላለፈ ብቻ አያልቅም። ነጣቂዋ ከጀልባው ፊት ከተሰካው የእንጨት ዘንዶ ራስ ላይ በደረቷ ተንጠልጥላ፣ ውሃው ላይ የቆመውን ባንዲራ መመንጨቅ አለባት። ከሳተችው ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ቀዘፈ ማለት ነው። ሱዩን ደግሞ ሁልጊዜ ግራ ክንዷን በግራው ቀንድ ላይ ትቆልፍና በቀኝ እጇ ትነጥቃለች። ቀኙን ቀንድ ከቀለም ብሩሽ በቀር ነክታው አታውቅም።

ከአገጩ ሥር ደግሞ ነጭ የጨው መስመር አየች። የከተማቸው የታይናን ቦይ ውሃው ከባሕር ነው የሚመጣው። ምላሷን አውጥታ ጨውን ቀመሰችው፤ ሰው ቢያያት አበደች ይል ነበር። ይህ ራስ ውሃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል።

የዘንዶው ዓይኖች ግን ገና አልተሳሉም። ሁለት ነጫጭ እንቁላል መስለው ያፈጣሉ። ዓይኑ ያልተከፈተ ዘንዶ ውሃ አይነካም። ዓይኑን የሚስለው ደግሞ፣ በዚህ ቡድን ወግ፣ ነጣቂው ነው፤ ጉንጩን ከዘንዶው ጉንጭ አጣብቆ የሚተኛው እሱ ነዋ። ሱዩን ሥዕሉን ስትጨርስ ለቅዳሜው የዓይን መሳያ ሥነ ሥርዓት ብላ ያስቀረችው እነዚያን ሁለት ጥቁር ነጥቦች ብቻ ነበር። ለራሷ ነው ያስቀረቻቸው።

በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ የለም ተብላለች። ያለቻት ፔይቺ ናት።

ፔይቺ የቡድኑ አምበል ናት። ከኋላ ቆማ መሪውን የምትይዘውም እሷው ናት። ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ከሱዩን ጋር አንድ ዶርም ውስጥ ኖረዋል፣ አንድ ሻምፑ ተካፍለዋል፣ አንድ ወንድ ወደው ሁለቱንም ንቋቸዋል። ሰኞ ጠዋት እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣና የአኩሪ አተር ወተት ይዛ መጥታ፣ «ቦዩን እያጸዱ ነው፤ ልምምድ የለም። አንቺ ሥዕልሽን ጨርሺ፣ ተኚ፣ ሰው ምሰዪ» ብላት ነበር። ሱዩን በደስታ ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል። ሱዩን ግን ሦስተኛ ዛፍ ጨምራለች። የመመረቂያ የሥዕል ኤግዚቢሽን አለባት። ጀልባው አለ። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ራሱ አለ፤ ስንብት ላይ ስንብት፣ የመምህራን ግብዣ፣ በጋዋን ፎቶ፣ የእንትና ልደት፣ የእነ እንትና የመጨረሻ ካራኦኬ። ከሦስቱም በኩል ሲጠሯት ለሦስቱም «እመጣለሁ» ትላለች። አንዱን የፎቶ ቀን ቆብ እንዳደረገች ቆማ እንቅልፍ ወስዷት፣ ፎቶው ላይ ጸሎት ላይ ያለች መስላ ወጥታለች። ይህን ሁሉ እንዳይናድ የያዘችላት ፔይቺ ናት፤ ቢያንስ ሱዩን የምታስበው እንደዚያ ነበር።

ቀንዱን ተልጦ ባገኘችበት ዕለት አመሻሽ ላይ ፔይቺን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ኑድል ስትበላ አገኘቻት።

«ፔይቺ፣ ቦዩ አላለቀም እንዴ?»

«የምን ቦይ?» አለች ፔይቺ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አ፣ ጽዳቱ! ኧረ ገና ነው። ታውቂያቸው የለ፣ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ቆመው ያያሉ።»

«አንገትሽን ፀሐይ በልቶታል።»

«ልብስ ሳሰጣ ነው ባክሽ። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ?» ሳቀች። ከሳህኗ እንቁላሉን በቾፕስቲክ አንስታ ሱዩን አፍ ላይ ደቀነችው። «እንኪ ጉረሺ። ከስተሻል።»

ሱዩን ጎረሰች። ለዓመታት የምታውቀው ሳቅ፣ ለዓመታት የምታውቀው እጅ ነው። ውሸቱ እንቅፋት እንኳ ሳይመታው ወጣ። ሱዩንን ያመማት ይሄ ነው፤ ፔይቺ እንደዚህ ቀላል አድርጋ መዋሸት እንደምትችል አለማወቋ።

አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳለ አባቷ ደወለ። ሩቅ ከተማ፣ ታይዱንግ ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው።

«ነጣቂዋ! ፈረቃዬን ቀየርኩ! ባልደረባዬ ጂያንግ እሺ አለኝ፣ ምስጋና ለእሱ። ዘንድሮ በዓይኔ በብረቱ ነው የማይሽ!»

«ጥሩ ነው አባዬ።»

«ኮፍያም ገዝቻለሁ። ቀይ። ከሩቅ እንድታይኝ።»

አምና መምጣት አልቻለም ነበር። በስልክ ሲያይ ልክ እሷ እጇን ስትዘረጋ ኔትወርኩ ቆመበት። ያችን የቆመች ሥዕል የስልኩ ፊት ላይ አደረጋት፤ የሱዩን እጅ፣ ከፊቱ ቀይ ባንዲራ። ላገኘው መንገደኛ ሁሉ ያሳያል። ባንዲራውን እንዳልያዘችው፣ በአንድ ጣት እንደሳተችው ሱዩን ነግራው አታውቅም። «ሁለተኛ ወጣን» ብቻ ነው ያለችው። የቀረውን ነገ እነግረዋለሁ፣ በበዓል እነግረዋለሁ ስትል ዓመት ሞላው።

በማግስቱ ፔይቺ «ወደ ላይብረሪ ነኝ» ብላ ገና ሳይነጋጋ ወጣች። ሱዩን ትንሽ ቆይታ በብስክሌት ወደ ቦዩ ሄደችና ድልድዩ ላይ ቆመች።

ጀልባው ከመታጠፊያው ወጣ። ሁሉም አሉ። ከበሮ መቺው፣ ቀዛፊዎቹ፣ ከኋላ ፔይቺ። ከፊት የሱዩን ዘንዶ፣ ወርቃማ ቅንድቡ፣ ቀይ ምላሱ፣ ሁለት ነጫጭ ዕውር ዓይኖቹ። ራሱ ላይ ሩሊን ተኝታለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ የሱዩንን የቀለም ጣሳ ተሸክማ የምትከተል፣ በግራ እጇ የምትጽፍ ልጅ። ቀኝ ክንዷን በቀኙ ቀንድ ላይ ቆልፋ ግራ እጇን ዘረጋች። የባንዲራው ጫፍ ጣቷን ነካትና ሳተችው።

«አሁንም! እንደገና!» ጮኸች ፔይቺ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሱዩን ይህን ተረት ሺህ ጊዜ ሰምታለች፤ ፈረሱ ፔይቺ ትሆናለች ብላ ግን አስባ አታውቅም። ደግሞ ፔይቺ ብቻ አይደለችም። እነዚያ ሁሉ ቀዛፊዎች ያውቁ ነበር። ትናንት ካፍቴሪያ ውስጥ አብረዋት ሻይ የጠጡት ያውቁ ነበር።

ጀልባው ሲጠጋ መውረጃው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቀዛፊዎቹ አይተዋት በድንገት መቅዘፊያቸውን መጥረግ ጀመሩ። ፔይቺ መጨረሻ ላይ ወረደች።

«ጽዳቱ እንዴት ነው?» አለች ሱዩን።

ፔይቺ ፊቷ ቀላ። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ጥሩ ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር።»

«የዘንዶው ራስ እስኪያልቅ ነው የጠበቅሽው!»

«ሱዩን፣ ስሚኝ። አምና ሳትሽው። ከኋላ ሆኜ አይቼሻለሁ።»

«ነፋስ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? እያለቀስሽ!» አለች ፔይቺ። «ዘንድሮ ደግሞ አንድ ቀን ትመጫለሽ፣ ሁለት ቀን ትጠፊያለሽ። ኤግዚቢሽን፣ ግብዣ፣ ካራኦኬ። ሩሊን በየቀኑ ትመጣለች። ይሄ የእኔም የመጨረሻ ዓመት ነው እኮ! አንዴ እንኳ ማሸነፍ አማረኝ።»

«‹ሂጂ ሥዕልሽን ጨርሺ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ› የምትለኝ ማን ነበረች? እኔ ፋራ፣ ለእኔ አዝነሽ መስሎኝ።»

«አዝኜም ነበር።»

«ይኼን ፊት ለፊት ብትነግሪኝ እሰድብሽ ነበር። አለቅስ ነበር። ግን ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።»

«ብነግርሽስ?» አለች ፔይቺ፣ ቀስ ብላ። «ራሱን ትጨርሺው ነበር?»

ሱዩን አዎ ልትል ነበር። ግን አላወቀችም። ትጨርሰው ይሆን፣ ብሩሹን ወርውራ ትሄድ ይሆን፣ አሁን በምንም መንገድ ልታውቀው አትችልም። ፔይቺ ይህንንም ወስዳባታለች።

ሩሊን የሚንጠባጠብ ፀጉሯን እየጨመቀች ቀረበች። «እትዬ ሱዩን… አንቺ ራስሽ የተውሽው መስሎኝ ነው። ሥራ በዝቶባት ተወችው አለችን። እውነቴን ነው።»

ሱዩን ፔይቺን አየቻት። ፔይቺ መሬት መሬት አየች። ሱዩን ብስክሌቷን አነሳችና ሄደች።

ሁለት ሌሊት ሥዕል ክፍል ውስጥ ሶፋ ላይ አደረች። ወደ ኤግዚቢሽኑ አልሄድም፣ ወደ ሥነ ሥርዓቱ አልሄድም፣ እዚያ ዘንዶ ላይ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም እደፋበታለሁ አለች። አልደፋችም። ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴ ቀለም ይዛ ወደ ጀልባው ቤት ቀድማ ሄደችና የተላጠውን ቀንድ እንደገና ቀባችው። ለእነሱ ብላ አይደለም። የራሷ ሥራ ተልጦ እንዲታይ አልፈለገችም።

ሰዉ ተሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ፍራፍሬና በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ተደረደረ። ፔይቺ ቀጭኑን ብሩሽ በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት ወጣች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ዘንድሮ ዓይኑን የምትስለው» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሠዓሊያችን ሱዩን ናት!»

ጭብጨባው ከሚገባው በላይ ረዘመ። ሁሉም በጥፋተኛ እጅ ያጨበጭባል። ሱዩን ብሩሹን ተቀበለች። ከክረምት ጀምራ የጠበቀችው ነገር ይኸው እጇ ላይ ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ። ከነካቻቸው ግን ሁሉም ነገር እንዳልተደረገ ይሆንና ሁሉም ወደ ምሳው ይሄዳል።

«ሩሊን፣ ነይ» አለች።

«እኔ? እትዬ፣ ኧረ እኔ ሥዕል አልችልም!»

«ራሱ ላይ የምትተኚው አንቺ ነሽ። በግራሽ ያዢው። አትጫኚው፣ ብሩሹ ራሱ ይወርዳል።»

ሩሊን ብሩሹን በግራ እጇ ይዛ ጠጋች። ሱዩን ክርኗን ከሥር ደገፈችላት። የመጀመሪያው ዓይን ትንሽ ተንጋደደ፤ ዘንዶው የሆነ ነገር የጠረጠረ መሰለ። ሁለተኛው ተስተካከለ። ሱዩን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ባንዲራውን አትዪ። ይወዛወዛል፣ ያታልልሻል። የቆመበትን እንጨት እዪ። እኔ አምና ያየሁት ባንዲራውን ነው።»

ሩሊን ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

ሱዩን ስትወጣ ፔይቺ በር ላይ ደረሰችባት። «ዛሬ ዶርም ትመጫለሽ?»

«አልመጣም።»

«ነገስ?»

«ነገን አላውቅም። ለሩሊን የሰጠሁት ለሩሊን ነው ፔይቺ። ከአንቺ ጋር ገና ነን።»

ከውስጥ ከበሮው ተመታ፤ ጀልባውን ወደ ውሃው እየገፉት ነው።

ሱዩን ቦዩ ዳር ተቀመጠች። ስልኳ ላይ አባቷ ፎቶ ልኳል፤ ቀይ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከጎኑ ጂያንግ አውራ ጣቱን አንስቶ። ሱዩን ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ሲመጣ ጣቢያ እቀበለውና መጀመሪያ ምሳ አበላዋለሁ፣ ኤግዚቢሽኑን አሳየዋለሁ፣ ከዚያ ደስ ሲለው፣ ጥሩ ጊዜ ጠብቄ…

ሐሳቧ እዚያ ላይ ቆመ። ስልኩን ትንሽ አየችው። ከዚያ ደወለች።

«ነጣቂዋ!» አለ አባቷ። ከኋላው ባቡር ይጮሃል።

«አባዬ፣ አሁን ላናግርህ? ስልክህ ላይ ስላለው ፎቶ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ባንዲራውን አልያዝኩትም» አለች ሱዩን። «ዘንድሮም የምነጥቀው እኔ አይደለሁም።»

ባቡሩ ጮሆ አለፈ። ሱዩን ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች።