መቶ ሃያ ሳንቲሜትር

«መቶ ሃያ?» አሉ አናጢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ይሄ የደረጃ መደገፊያ ነው ወይስ የልብስ መስቀያ?»

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ንድፉን የሠራችው ልጅ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እንደዛ ነው ጋሼ» አለች።

«ራስሽ ነሽ የለካሽው?»

«አዎ።»

ውሸቱ ሳያደናቅፋት ከአፏ ወጣ፤ ለራሷም ገረማት።

አናጢው ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። «መቼስ የዚያ አርክቴክት ነገር! መስኮቱን ጉልበት ላይ ያወጣ ሰው መደገፊያውን ትከሻ ላይ ቢሰቅል ምን ይገርማል? በይ፣ ነገ ጠዋት ግድግዳውን እበሳለሁ። የድሮው መደገፊያ ተነቅሎ የቀሩትን ቀዳዳዎች ዛሬ ከሰዓት ለሳኞቹ ይደፍኗቸዋል።»

ቤቱን ከስድሳ ዓመት በፊት የነደፈው በጊዜው ስሙ የገነነ አርክቴክት ነው። ንድፉ ጠፍቷል። ቤቱን ለቤተ መጻሕፍት የሚያድሱት ሰዎች ክበቡን ክፍል በክፍል ለክቶ በኮምፒውተር እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ ልጆቹ ተከፋፈሉት። ደረጃውን ተሟግታ፣ ተኮራርፋ የወሰደችው እሷ ናት፤ የሥራ ጓደኛዋ ደግሞ ልጆቹ «ቀጮ» የሚሏት የክፍሏ ልጅ ሆነች። ለምን ደረጃውን እንደፈለገች ለማንም አልተናገረችም።

አባቷ የዚያ ቤት ዘበኛ ነበር። እስከ ስድስት ዓመቷ የኖሩት ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ባለቤቶቹ ራቅ ብለው ሲሄዱ አባቷ መስኮቶቹን ሊከፍት ይገባል፤ እሷም ተከትላው በደረጃው ትወጣለች። እሱ ሲሞት በወሩ ግቢውን ለቀቁ።

በልኬቱ ቀን ቀጮን ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት። እሷ ሜትሯን ይዛ ብቻዋን ሄደች፤ ግን ከበሩ ማለፍ አቃታት። ሰዓቱ እስኪሞላ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ተመለሰችና ለቀጮ «ጨርሻለሁ» አለቻት። ሁሉንም ከትዝታዋ ሞላችው። መደገፊያው ትከሻዋ ላይ እንደነበር አልረሳችም፤ ስለዚህ ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ትከሻዋን ለካች። መቶ ሃያ። ደረጃዎቹንም አስራ ዘጠኝ አድርጋ ደረደረቻቸው። ከላይኛው ፎቅ ጋር አልገጥም ሲሏት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሶፍትዌሩን ስትረግም ሰነበተች።

ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ማንም አይደርስባትም። ይህን ስታስብ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አላላትም። የምሳ ደወል ሲደወል ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሮጠች።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለሳኙ ደረጃው ሥር ሲሚንቶ ያቦካል።

«እህቴ፣ አቧራ ነው፣ ልብስሽን!» አላት።

አልሰማችውም። ደረጃዎቹን ቆጠረች፤ አስራ አራት። እንደገና ቆጠረች። ያ ወጥታ ወጥታ የማትጨርሰው ደረጃ ይኸው ነው? ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎቹ ተሰልፈዋል። ዝቅ ብለው ታዩአት። ሜትሩን ከደረጃው እስከ ቀዳዳው ዘረጋች፤ ሰማንያ ሁለት።

ትከሻዋን አልተሳሳተችም ነበር፤ የዘነጋችው ያ ትከሻ የስድስት ዓመት ልጅ ትከሻ መሆኑን ነው።

«ልድፈነው ወይስ ቆይ ትይኛለሽ?» አለ ለሳኙ የሲሚንቶ ማንኪያውን ይዞ እየወጣ።

ይደፍነው ብትል ነገ መደገፊያው ትከሻዋ ላይ ይሰቀላል፤ ቤቱ እንደ ድሮው ትልቅ ይሆናል፤ እሷም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትይዘዋለች። አባቷ ከኋላ ያለ ይመስላታል። እንዲህ እንዲሆን ፈለገች። አባቷ ናፈቃት።

ሳታስበው አንድ ደረጃ ወጣችና መዳፏን ቀዳዳው ላይ አሳረፈች። መንጠራራት አላስፈለጋትም፤ ማጎንበስም እንዲሁ። እጇ በራሱ ጊዜ ወርዶ ቦታውን አገኘ። ያኔ እሷ እጇን ወደ ትከሻዋ አንስታ ስትይዘው፣ የአባቷ እጅ እንዲህ ነበር የሚያርፈው። እዚህ ጋ። አሁን ቁመቷ እሱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። እናቷ ደጋግማ ነግራታለች፤ አምናት ግን አታውቅም።

«ወንድሜ፣ ለዛሬ ሌላውን ግድግዳ ብትጀምር?» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ለሳኙ ፊቷን አየና «እሺ፣ እስከ አስር ሰዓት ብቻ» ብሎ ወረደ።

ለቀጮ ደወለች። «ደረጃውን አልለካሁትም» አለቻት። «አንዱንም። ሁሉም ከጭንቅላቴ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?» አለች ቀጮ። «እኔ ደግሞ አብሬሽ ሶፍትዌሩን ስሳደብ!»

«አውቃለሁ። ለአናጢውም እኔው እነግራቸዋለሁ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ግን የለኝም።»

«አኩርፌሻለሁ፤ እወቂው» አለች ቀጮ። ከጀርባዋ የበር መዝጊያ ድምፅ ተሰማ። «እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ኪሷ ከተተችና ደብተሯን ባዶ ገጽ ላይ ገለጠች። ከዚያ የመጀመሪያው ደረጃ ሥር ተንበርክካ መለካት ጀመረች።