የአባቷ ዐረብኛ

«ሦስት መቶ በያቸው» አለ አባቷ።

ፍቅርአዲስ ገንዳ ውሃ አስፋልት ዳር፣ የቀን ሠራተኛ የሚቀጠርበት ዛፍ ሥር ቆማለች። ፊት ለፊቷ ከስደተኞች መጠለያ የመጡ ስድስት ሱዳናውያን አሉ፤ አምስት ወንዶችና በእሷ ዕድሜ የምትሆን አንዲት ልጅ። ከሁሉም ቀደም ብሎ የቆመው ረጅም ሽበታም ሰውዬ አፍ አፏን ያያል።

«በቀን ሦስት መቶ ብር» አለች በዐረብኛ።

«ለሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚከፈለው?»

ወደ አባቷ ዞረች። «ለሁሉም ሰው እንደዚህ ነው ወይ ይላል።»

«መንግሥት የቆረጠው ዋጋ ነው በያቸው። ደገኛም ይምጣ ቆለኛ፣ ያው ነው።»

አለቻቸው። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ትናንት እዚሁ ዛፍ ሥር ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሁለት ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ «ከሰባት መቶ ንቅንቅ አንልም» ብለው፣ አባቷን ትተው ሌላ ገበሬ አይሱዙ ላይ ሲወጡ አይታለች። አሁን ሐፍረት ይመጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። ከፀሐዩና ከአቧራው በቀር ምንም አልተሰማትም።

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መማከር ጀመሩ። አባቷ ደምለው ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ጥሎ፣ ምንም እንደማይገባው ሰው ጥርሱን ይፍቃል። የሚሉት አንድም ሳይቀር ይገባዋል። ገዳሪፍ ዘጠኝ ዓመት የቀን ሥራ ሠርቷል፤ ፍቅርአዲስም የተወለደችው እዚያ ነው፤ እስከ ስምንት ዓመቷ እዚያው አድጋለች። ዐረብኛው ከእሷ ይሻላል። ግን ሰው ሲቀጥር አይናገረውም።

«ተማም» አለ ሽበታሙ ሰውዬ በመጨረሻ። «ተስማምተናል።»

ስድስቱም አባቷ ተከራይቶት በመጣው መኪና ላይ ወጡ።

አምና ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ጥቅምት ሲገባ ሳሉጉ ከየደጋው በአውቶቡስ እየተጫነ ይወርድ ነበር፤ ከወሰን ማዶም ያሻው ሰው ማጭዱን ይዞ ተሻግሮ ይመጣል፤ ዋጋውም ሦስት መቶ ሃምሳ ነበር። ዘንድሮ ከደጋ የሚወርድ ሰው ከቀበሌው ደብዳቤ ካልያዘ ከኬላው ይመለሳል ተባለ። ከማዶ የሚመጣው ቪዛ ይጠየቃል። በመጠለያ ያሉት ስደተኞች ደግሞ የመውጫ ወረቀት እንጂ የሥራ ፈቃድ የላቸውም፤ ፈቃድ የሌለውን ያሠራ ይቀጣል የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል። ሰው ጠፋ። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ሰሊጡ ግን ሰው ጠፋ ብሎ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካልታጨደ ፍሬው አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ከረገፈ በኋላ ማንም አይለቅመውም።

የአባቷ ማሳ ከኮኪት ወጣ ብሎ ነው፤ አምስት ሄክታር። ፍቅርአዲስ ገንዳ ውሃ ከጓደኛዋ ከሔለን ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል የምትማረው በዚህ ሰሊጥ ነው። ለዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ያመጣት አባቷ ነው። «አጨዳ ታግዢናለሽ» ነበር ያላት። ስለ ማስተርጎሙ የነገራት መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

*

ሽበታሙ ሰውዬ ዑበይዳ ይባላል፤ ልጅቷ ኢሕሳን ልጁ ናት። ሱዳን ሳለ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ማጭድ ይዞ ስለማያውቅ በመጀመሪያው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ በሁለተኛው ፈነዳ። በጨርቅ ጠቅልሎት ያጭዳል። ኢሕሳንና ፍቅርአዲስ ወሬ ይዘው መስመሩን ሲዘጉበት ከኋላቸው በአፉ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል።

«ጲጵ! ጲጵ! መንገድ ልቀቁ! ተሳፋሪ ይዣለሁ!»

«ፍሬን የለውም፣ ሽሺ!» ትላለች ኢሕሳን እየሳቀች።

ፍቅርአዲስም ትስቃለች። ሳቁ ፊቷ ላይ ብቻ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። ሔለን ናት።

«አንች፣ ጠፋሽ እኮ! ሰኞ የባዮሎጂ ቴስት አለ። የቀረ ዜሮ ነው ብሏል።»

«ሰሊጥ እያጨድሁ ነው።»

«ሳሉግ ሆንሽ በቃ? ፎቶ ላኪልኝ፣ ሙድ ልያዝብሽ!»

«ቻርጅ የለኝም።»

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ የታመመ ሰው ይመስላል።»

«ምንም አልሆንሁም» አለች። ያለችው እውነቷን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ልጆች የታጨደውን ነዶ እያቆሙ ነበር። ሰሊጡ አናቱ ወደ ላይ ሆኖ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ነው የሚቆመው፤ ከተጋደመ ዘሩ ይፈስሳል። ኢሕሳን ነዶ አቅፋ ቆም አለችና አየቻት።

«ታውቂያለሽ? የዚያን ቀን እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ሌላ ገበሬ መጥቶ ነበር። አራት መቶ ነበር ያለን።»

«ታዲያ ለምን ከእሱ ጋር አልሄዳችሁም?»

«አባቴ አላመነውም። ባለፈው ወር አንዱ ሰውዬ እንዲህ አድርጎ ወስዶን፣ አሥር ቀን አሠርቶ ሳይከፍለን ጠፋ። ወዴት ሄደን እንከሳለን? የሥራ ወረቀት የለን። አንችን ሲያይ ግን፣ ልጁን ይዞ የመጣ ሰው አያታልልም አለ።»

ፍቅርአዲስ የያዘችውን ነዶ አቆመች። ወደቀባት። እንደገና አቆመችው።

«ውሃ ትጠጫለሽ?» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ዳሱ ውስጥ ተኝተው ሳሉ፣ አባቷ ማጭድ በድንጋይ ሲስል አገኘችው።

«አባየ፣ ለምንድን ነው ራስዎ የማያናግሯቸው?»

«ቋንቋቸውን እንደማውቅ ካወቁ፣ ይሄን ጨምር፣ ያን አምጣ ሲሉኝ ሊውሉ ነው። እንዲህ ሲሆን ደግሞ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። ያ ከሁሉም የሚያንሰው ወጣት ሰሞኑን ወደ መጠለያው እመለሳለሁ ሲል ነበር ማታ።»

«ሦስት መቶ ግን…»

ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። «ገዳሪፍ ሳለሁ ለአገሬው ሰው ከሚከፈለው ግማሹ ነበር የሚደርሰኝ። ወረቀት አልነበረኝማ። ማን አለቀሰልኝ?» ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ሰባት መቶ ከከፈልሁ ለእኛ የሚተርፈን ገለባው ነው። የአንችም ቤት ኪራይ ከዚሁ ነው። ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

ማጭዷን ተቀብላው ወደ ማሳው ወረደች።

*

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ማሳው ከእነሱ ማሳ ጎን ለጎን የሆነው ባየልኝ በወሰኑ በኩል ብቅ አለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ገና ከሩቅ ይጮኻል።

«ደምለው! ኧረ ሁለቱን እንኳ አበድረኝ! ሰባት መቶ ብዬ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ብዬ ሰው አጣሁ እኮ! የእኔው እየረገፈ ነው!»

«የእኔን ልጨርስና። ሂድ አሁን፣ ሥራ አታስፈታኝ!»

«አንተ ንፉግ! ስድስት ሰው ታቅፈህ!»

«ቀድመህ አትነሳም ነበር?»

ባየልኝ እጁን አራግፎ ተመለሰ። ፍቅርአዲስ ወደ ሥራዋ ልታጎነብስ ስትል ዑበይዳ ቀጥ ብሎ መቆሙን አየች። መጠለያ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ አማርኛ ባይችልም ቁጥር ከገበያ ለምዷል። ማጭዱን ብብቱ ሥር አድርጎ መጣ። የቀሩትም ቀና አሉ። ኢሕሳንም።

«ያ ሰውዬ ሰባት መቶ ሲል ሰማሁ» አላት። አባቷን አላየውም። «ምንድን ነው ሰባት መቶው?»

እንደ ልማዷ ወደ አባቷ ዞረች። መተርጎም እንደማያስፈልገው ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ግን እንዳልሰማ ሰው ቅንድቡን አንስቶ ጠበቃት።

«ሰባት መቶው ምንድን ነው ይላል።»

«የትራክተር ኪራይ ነው በይው። የአንድ ሄክታር።»

ፍቅርአዲስ ያልታጨደውን አየች። ሁለት ሄክታር ይሆናል። የታችኞቹ ፍሬዎች ጫፋቸው መሰንጠቅ ጀምሯል። ሰዎቹ ዛሬ ከሄዱ በሦስት ቀን ውስጥ ረግፎ ያልቃል። የገንዳ ውሃው ክፍል ታያት፤ የሔለን ፍራሽ፣ የእሷ ፍራሽ፣ መሐል ላይ ያለው ጠረጴዛ። እናቷና ታናናሾቿ ታዩዋት። ሁሉም ተራ በተራ መጡና አለፉ፤ ልቧ እንኳ ፈጠን አላለም።

ዐረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ትራክተር በዐረብኛም ያው ትራክተር ነው። መናገር ብቻ ነው የቀረው።

ዑበይዳ እንደዚያን ቀን አፍ አፏን ያያል። በጨርቅ የተጠቀለለው እጁ ማጭዱን ይዟል። ከጀርባው ኢሕሳን አለች። አራት ቀን ሙሉ የሰሙት የእሷን ድምፅ ነው። አባቷ አንዲት ቃል አልዋሻቸውም፤ አላናገራቸውማ። አንድ ቀን ይህን ሰሊጥ ሲያስታውሱት የሚያስታውሱት የእሷን ድምፅ ይሆናል።

«አጎቴ ዑበይዳ» አለች በዐረብኛ። «አባቴ ገዳሪፍ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ዐረብኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። እሱን ይጠይቁት።»

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባየ፣ አንቱ ይንገሯቸው።»

አባቷ የሚፍቅበትን እንጨት ከአፉ አወጣ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተቆጣም። መንገድ እንደጠፋበት ሰው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰዎቹን አየ። ከሠራተኞቹ አንዱ በአፉ ውስጥ አጉተመተመ፤ ያለው ደግ ነገር አልነበረም፤ አባቷም ገብቶት ፊቱ ሲለወጥ ሁሉም አዩት።

ዑበይዳ አንድ እርምጃ ቀረበ። ጥያቄውን እንደገና ጠየቀ፤ በዐረብኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ለአባቷ።

ደምለው የሚፍቅበትን እንጨት ኪሱ ከተተ። ከዚያ የገዳሪፍ ሰው በሚናገርበት ቅላጼ፣ «የአንድ ሰው የቀን ዋጋ ነው» አለ።

ወጣቱ ማጭዱን መሬት ላይ ጣለው። ሌላው ጮኸ። ዑበይዳ እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኛቸውና ያለፉት ቀናት ክፍያ እንዲስተካከል ጠየቀ። አባቷ ስለ መኪናው ኪራይ አነሳ፤ ስለ ምግቡ አነሳ፤ አምስት መቶ አለ። ዑበይዳ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባቷ ስድስት መቶ ከማለቱ በፊት ብዙ ተናገረ፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ዐረብኛ ሲናገር ፍቅርአዲስ ከልጅነቷ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። አንዳንዱን ቃል ረስቶታል። መሐል ላይ ቆም ብሎ ወደ እሷ አየ፤ ቃሉን እንድታቀብለው።

አላቀበለችውም።

ኢሕሳንን አየቻት። ኢሕሳን ፊቷን አዞረችባት።

ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር ገና አልታወቀም። ፍቅርአዲስ ማጭዷን ይዛ ወዳልታጨደው ጥግ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን እፍኝ ሰሊጥ ያዘች፤ ዘሩ እንዳይፈስስ አናቱን ቀና አድርጋ ቆረጠችው። ከኋላዋ ወንዶቹ በዐረብኛ ይጨቃጨቃሉ።