ያልታዘዘ ልስን

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፓስፖርቱ ቦርሳው ውስጥ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የውሃ ሽታ ሆነ።

ባለቤቱ በአንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ የሚሠራ ግድግዳ ለሳኝ ነው። በረራው ማታ ሁለት ሰዓት፤ ቪዛው የሚያበቃው ነገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ ያገኘው ቪዛ።

ሰው በበረራው ቀን ሥራ ይገባል? ይገባል እንጂ፣ አለቃው «ቶሎ በል» ከሆነ። ፎርማኑን ሠራተኛው የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ግማሽ ቀን ካልሠራህ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን አልፈርምም ብሎ አስገባው።

የተጠራችው የፖሊስ ሳጅን ስትደርስ ለሳኙ የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቦርሳውን ለአሥረኛ ጊዜ እየገለበጠ ነበር። ሊፍቱ ገና እንዳልተገጠመ ሲነግሯት በረጅሙ ተነፈሰች። አሥራ አራት ፎቅ! በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሕንፃ በየወሩ ይበቅላል። የሚሠሩት ሰዎች ግን አንድ ክፍል ውስጥ ለስምንት ተጨናንቀው ያድራሉ።

«ለመሆኑ ፓስፖርት ይዞ ሥራ የሚመጣ ሰው አለ?»

«የት ልተወው ሳጅን? የምንኖርበት ቤት ቁልፍ እንኳ የለውም።»

ወደ ጥበቃው ዞረች። «ከጠዋት ጀምሮ የወጣ ሰው አለ?»

«ማንም አልወጣም። ሲወጡም ካልሲያቸው ሳይቀር ነው የምፈትሸው፤ ምስማር እንዳይወስዱ።»

እንግዲያው ፓስፖርቱ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ፎርማኑን አስጠራች። «ይህ ሰው እንዳይሄድ ትፈልጋለህ አሉ።»

«እና ልደሰት? የለመደ እጅ ባገኘሁ ቁጥር አውሮፕላን ይወስድብኛል!»

«ቢመቻቸው ይሄዱ ነበር?»

«እሱን ለሕንፃው ባለቤት ይንገሩልኝ።»

ነገር ግን «ቶሎ በል» ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ኮንክሪት ሲያስሞላ ሃያ ሰው አይቶታል። ጩኸቱን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ቀጥሎ የዕቃ ክፍሉን የሚጋራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተፈተሸ። የመሣሪያ ሳጥኑ ሲከፈት ከሽቦዎቹ ሥር አንድ ፓስፖርት ብቅ አለ። የለሳኙ ልብ ዘለለች። ሳጅኗ ገለጠችው፤ ፎቶው የራሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነበር። ውስጡ የታጠፉ ሦስት ወረቀቶች አሉ። ሦስቱም «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላሉ።

«ታዲያ ለምን ይዘኸው ትዞራለህ?»

«እንጃ፤ ልማድ ሆኖብኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ሳጅኗ ሳጥኑን ራሷ ዘጋችለት።

ፓስፖርቱን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እዚያው የሚሠራው የለሳኙ ታላቅ ወንድም ነበር። ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ለስነዋል። «እኔን ያስጨንቀኝ ወንድሜ!» እያለ ክፍል ለክፍል ይሮጣል። የሲሚንቶ ከረጢት ሁሉ ገለባበጠ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ለሳኙ እንባ እንባ አለው። ሳጅኗም ደከማት።

ስድስተኛው ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ! ለሶኬት የቦረቦርኩትን ማነው የደፈነብኝ?»

ሳጅኗ ጠጋ አለች። የፎቁ ግድግዳ በሙሉ ገና የመጀመሪያው ሻካራ ልስን ላይ ነው። ከጉልበቷ ከፍታ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ እንደ መስታወት ለስልሳለች። በጣቷ ነካቻት። እርጥብ ናት።

«እዚህ ፎቅ ላይ ማለስለስ ታዟል?»

«ገና ለሚቀጥለው ወር ነው» አለ ፎርማኑ።

ሳጅኗ ለሳኙን አየችው። ቀልቡ ተገፍፏል። ይህን እጅ ያውቀዋል፤ ዓይኑ ከኋላቸው ወደ ቆመው ወንድሙ ሄደ። ለመደበቅ ቢሆን እፍኝ ሲሚንቶ መለጠፍ ይበቃ ነበር፤ ይህን የሠራው ሰው ግን ሻካራ ትቶ መሄድ አልቻለም። በሥራው ሰነፍ ተብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ሳጅኗ ፎርማኑንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ወደ ታች ላከቻቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የተወውን መሮ አነሳችና ታላቅየው እጅ ላይ አኖረችው።

«ያውጡት።»

አላንገራገረም። ልስኑን ፈልፍሎ ከብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ፓስፖርት አወጣ። ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«ጋሼ?» አለ ለሳኙ። «አንተ?»

«ነገ ልመልስልህ ነበር።»

«ነገማ ቪዛው ሊቃጠል! ምን በደልኩህ?»

«ክንዴ...» አለ ታላቅየው። «ከትከሻዬ በላይ አይነሳም። ሰባት ወሩ ነው። ጣሪያውን ሁሉ ላንተ የምተወው ላለማምድህ አይደለም። ስለማልችል ነው። አንተ ስትሄድ በሳምንቱ ያውቁብኛል። ካወቁ ያባርሩኛል። ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?»

ለሳኙ ደሙ ፈላ። ግድግዳውን በቡጢ መታው።

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ስማኝ፤ እውነቱን ልንገርህ። ከከሰስከው ፓስፖርቱ ለማስረጃ የሚያዝ ኤግዚቢት ነው። ጉዳዩ እስኪቋጭ እኛ ጋ ይቀመጣል።»

«የራሴ ፓስፖርት?»

«የራስህ።»

«እንግዲያው አልተሰረቅኩም። አስቀምጬ ረስቼው ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«ፖሊስን በሐሰት በማስለፋት ልጠይቅህ እችላለሁ እኮ።»

«ከሰማይ ላይ አውርደው ይጠይቁኛላ!»

ሳጅኗ ተናደደች። ወንድማማቾቹ አይደሉም ያናደዷት፤ ሌባውን አግኝታ፣ ንብረቱን አግኝታ፣ ከእጇ ላይ ፍትሕ ሲጠፋ ነው። «ባለቤቱ ረስቶት ተገኘ» ብላ ጻፈችና አስፈረመችው።

«ይቅር በለኝ» አለ ታላቅየው።

«አልልህም። አልከስህም እንጂ ይቅር አልልህም።»

ፓስፖርቱን ደረቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ግማሽ ላይ ቆመ። ዞሮ ግን አላየም።

«ለፎርማኑ ክንድህን ንገረው። በዚህ ሁኔታ መወጣጫ ላይ እንዳትወጣ። ወድቀህ ትሞታለህ።»

«ቢያባርረኝስ?»

ለሳኙ ደረጃውን መውረዱን ቀጠለ። ለዚህ መልስ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ ባልሄደ ነበር።