ዋጋ ያጣው ነጭ ዶቃ

የወላይታ ሶዶ የጎልማሶች የዋና ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ አቶ ይድነቃቸው ሐብተማርያም፣ ከገንዳው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከነጥብ ሰሌዳቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታው የባንዲራ መትከያ ብረት ከጎናቸው ተጋድሟል። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል።

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ምንም ከመንካቷ በፊት ጎንበስ ብላ ጭብጡን አስተዋለችው። አውራ ጣቱ በአራቱ ጣቶች ሥር ተቀብሯል። ጣቶቹን ስታላቅቃቸው መዳፉ ላይ አንዲት ነጭ ዶቃ አገኘች።

«ብዙ አይድከሙ፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ቶማ። «ገዳዩ ተይዟል፤ ውጪ በካቴና ቆሟል።»

«የያዘው ማስረጃ ነው ወይስ ሕዝቡ?»

ቶማ በአገጩ ወደ ውጪ ጠቆመ። ከግቢው አጥር ማዶ የሶዶ ደጋፊዎች «ስጡን! ስጡን!» ይላሉ፤ አንዳንዱም ድንጋይ ጨብጧል። የተያዘው ሰው የገሱባ ቡድን መሪ መምህር ሶርሳ ነበር። ትናንት ማታ በስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «ይህ የነጥብ ደንብ ሰው በላ ነው፤ የጻፈውንም ይብላው!» ብሎ አቶ ይድነቃቸውን በአደባባይ ረግሟቸዋል። የሳህሊቱ የበላይ አለቃ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክስ ተመሥርቶበት ወደ ማረፊያ ቤት እንዲወሰድ አዝዘዋል። በዚያ ሕዝብ መካከል አልፎ በሕይወት ለመድረሱ ግን ማንም ሊምል አይችልም።

ሳህሊቱ የገንዳውን ጠባቂ ኤርካሎን አስጠርታ ስለ ሰሌዳው ጠየቀችው።

«ለየቡድኑ አንድ ሽቦ አለው፣ እመቤቴ» አለ ኤርካሎ። «ቀይ ዶቃ በደረጃ ለወጣ ነው። ነጭ ዶቃ ውድድሩን ለጨረሰ ሁሉ ነበር፣ መጨረሻም ቢወጣ። በምሳ ሰዓት ጋሼ ይድነቃቸው ብቻቸውን ገብተው ዶቃውን ይሰካሉ። አንድ ዓመት በነጥብ ድብድብ ከተነሣ ወዲህ ሌላ ሰው አይገባም፤ ሰሌዳውን ራሳቸው ተሸክመው እስኪያወጡት ሁሉም ውጪ ይጠብቃል።»

«በሩ ይቆለፋል?»

«ቁልፉ ከተሰበረ ቆየ። የሚከለክለው ማክበር ብቻ ነበር።»

ሰሌዳውን አየችው። የሶዶ ሽቦ ቀይ ብቻ ነው፤ የሦስተኛው ቡድን የሃላሌም ቀይ ብቻ። የገሱባ ሽቦ ግን ከቀዮቹ መጨረሻ ላይ አምስት ነጫጭ ዶቃዎች ተሰክተውበታል።

«ይኸው!» አለ ቶማ። «ሶርሳ ተደብቆ ነጥብ ሲጨምር ደረሱበት። ዶቃዋን ከእጁ ሲነጥቁት መታቸው።»

ሳህሊቱ ሶርሳን እንዲያስገቡላት አዘዘች።

ሶርሳ ቀጥ ብሎ ገባ። ካቴናው አንጓውን አቁስሎታል።

«ትናንት ረግመዋቸዋል» አለችው።

«ረግሜአቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን እርግማኔን በገዛ አፌ አነሣሁ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ ደንቡን ለወጡት። ከእንግዲህ ከየቡድኑ የሚቆጠረው የአራቱ ምርጥ ዋናተኞች ደረጃ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው ከሁለት ውድድር በላይ አይዋኝም አሉ። የሶዶ ሠላሳ ሰውና የእኛ ስድስት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ቆመ። እንዲህ ያለውን ዳኛ ነው የምገድለው?»

«ምን አስለወጣቸው?»

ሶርሳ አንገቱን ደፋ። «ታምራት። ከሁለት ዓመት በፊት የእኛ ዋናተኛ ነበር። ሰው ስለሚያንሰን፣ ለእያንዳንዷ ነጭ ዶቃ ስንል አንዱ ሰው የአራት ሰው ይዋኝ ነበር። ‹ደከመኝ› አለኝ። ‹አንዴ ብቻ ጨርስልን› አልኩት። ከገንዳው ሲያወጡት ልቡ ቆሟል። ሚስቱ ሲስተር ሰብለ ዛሬም እዚሁ የመጀመሪያ ሕክምና ትሰጣለች። ዐይኗን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ቀጥሎ የገባው የሶዶ ቡድን መሪ ነጋዴው ጌታሁን ነው። ምሳውን ከሚበላበት ቁርጥ ቤት ተነሥቶ ስለመጣ ጣቶቹ ገና የዳጣ በርበሬ ይሸታሉ።

«ከሟች ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ይባላል ሳይሆን ተጣልቻለሁ! ሠላሳ ሰው አሠልጥኜ፣ ቱታ አልብሼ፣ አራቱ ብቻ ይቆጠሩልህ አሉኝ። ሃያ ስድስቱን ምን ላድርጋቸው፣ ልጥበሳቸው?»

«ንዴት ሰው ያስገድላል።»

«እኔን ንዴት ቁርጥ ያስበላኛል እንጂ ሰው አያስገድለኝም። ቁርጥ ቤቱን ይጠይቁ፤ ከምሳ ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም።»

«አምስቱ ነጭ ዶቃዎች ለገሱባ ምን ይፈይዱ ነበር?»

ጌታሁን ዐይኑን አፍጥጦ አያትና በኀዘን ቤት የማይገባ ሣቅ አመለጠው። «ሶርሳ ለሚስቱ የአንገት ጌጥ ካላሰራላት በቀር፣ ምን ይፈይዳል ብለው ነው!»

በመጨረሻ ሲስተር ሰብለ ገባች። ነጭ ጋውኗ ንጹሕ ነው፤ ፊቷ እንደ ተዘጋ መስኮት ነው።

«ሲስተር፣ ጠዋት እዚህ ነበርሽ?»

«ኦቶና ሆስፒታል ነበርኩ። አንዲት የሃላሌ ዋናተኛ ገና ሲያሟሙቁ ግንባሯን ከገንዳው ጠርዝ አጋጭታ ነበርና ይዣት ሄድኩ። እስኪሰፉላት ጠበቅኋት። ስመለስ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል።»

«አምስቱ ነጭ ዶቃዎች ለገሱባ ምን ይፈይዱ ነበር?»

«እንዴት ምን ይፈይዳሉ? ከሶዶ በላይ ያወጡታል እንጂ!» አለች፤ ድምፅዋ ድንገት ሰላ። «ሶርሳ ለነጥብ ሲል ሰው ቢገድል እኔን አይደንቀኝም። ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም።»

ሳህሊቱ አመሰገነቻትና ሁሉም ከገንዳው ዳር እንዲሰበሰቡ አዘዘች። የዳሞታ ተራራ ጉም መልበስ ጀምሯል፤ የአጥር ማዶው ጩኸት አልበረደም። ቶማ ሰሌዳውን አምጥቶ ወንበር ላይ አቆመው። ሶርሳ፣ ጌታሁን፣ ኤርካሎና ሰብለ ዙሪያውን ቆሙ።

«ሁላችንም የገሱባን ሽቦ ስናይ ዋልን» አለች ሳህሊቱ። «እስቲ የሶዶን እንይ። አቶ ጌታሁን፣ ዛሬ ስንት ሰው ዋኘልዎት?»

«ሠላሳውም።»

«ውድድሩን ያልጨረሰ ነበር?»

«የእኔ ልጆች? አንድም!»

«እንግዲያስ የሠላሳ ሰው ነጭ ዶቃ የታለ? የሃላሌስ? በዚህ ሰሌዳ ላይ አቶ ይድነቃቸው በእጃቸው የሰኩት ነጭ ዶቃ አንድም የለም። ኤርካሎ፣ ነጮቹ ወዴት ሄዱ?»

«ጠዋት አዲሱ ደንብ እንደተነገረ፣ ‹እነዚህ ከእንግዲህ ዋጋ የላቸውም፤ ሰብስብልኝ› አሉኝ። በሣጥናቸው አድርጌ የወትሮው መደርደሪያቸው ላይ መለስኳቸው።»

«ሰማችሁ? መጨረስ ብቻውን ነጥብ መሆኑ ዛሬ ጠዋት ቀርቷል። ሶርሳ ያን የሰማው በጆሮው ነው፤ የተደሰተበትም እርሱ ነው። ማጭበርበር ቢፈልግ ኖሮ ቀይ ይሰርቅ ነበር እንጂ፣ ዋጋ የሌለው ነጭ ዶቃ ለመሰካት ነፍሱን አይሸጥም። አቶ ጌታሁንም ሰምተዋል፤ ስጠይቃቸው የሣቁት ለዚህ ነው። ኤርካሎ ዶቃውን የሰበሰበው ራሱ ነው።»

ሶርሳ ቀና አለ። ሌሎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ከኋላው ማጅራቱን ተመትቶ የወደቀ ሰው እጁን ይዘረጋል እንጂ ዶቃ ጨብጦ አይቆይም» ስትል ቀጠለች። «ሰው ራሱ ሲጨብጥ ደግሞ አውራ ጣቱ ከላይ ይውላል። የሟች አውራ ጣት ግን ከሥር ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ሌላ ሰው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጥፎላቸዋል። እንግዲህ ዶቃዋም፣ አምስቱ ዶቃዎችም ሶርሳን ለመወንጀል የተቀመጡ ናቸው። ያስቀመጠው ሰው የድሮውን ደንብ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የዶቃዎቹን መደርደሪያም ያውቃል። የማያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እዚህ የተባለውን። ያን ጊዜ ከዚህ ግቢ ርቆ የነበረ አንድ ሰው ነው። በሁለቱም ላይ፣ ደንቡን በጻፈውም ‹ጨርስልን› ባለውም ላይ፣ ቂም ያለውም እርሱ ነው። ሲስተር ሰብለ፣ በጎ ሥራሽ አጋለጠሽ።»

ሰብለ አልካደችም። ጋውኗን በቀስታ አወለቀችና አጥፋ ወንበሩ ጫፍ ላይ አኖረችው።

«ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም» አለች። «ከቀብሩ ማግስት ቤታቸው ሄጄ፣ ‹ይህን ደንብ ይለውጡ፤ ሌላ ሴት እንደ እኔ አታልቅስ› አልኳቸው። ‹ልጄ፣ ደንብ ደንብ ነው› ብለው በሩ ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ በየውድድሩ እየመጣሁ የሰው ቁስል ጠረግሁ፤ እርሳቸውንና ሶርሳን በቅርብ ለማየት ነው የመጣሁት። ዛሬ ስገባ ጀርባቸውን ሰጥተው ዶቃ ይሰካሉ። የባሌን ነፍስ የበላ ዶቃ! አንዱ መቃብር፣ አንዱ እስር ቤት ይግባ አልኩ። ትክክለኛ ክፍፍል ነው።»

«ደንቡን ለውጠውት ነበር፣ እቴ» አለ ሶርሳ። «በሰው ሁሉ ፊት፣ ‹ታምራት የሞተው በእኔ ግትርነት ነው፤ ለእርሱ ክብር ተነሡ› አሉ። ቀጥለው፣ ‹ሲስተር ሰብለ የታለች?› ብለው ዙሪያውን ፈለጉሽ።»

የሰብለ ከንፈር ተላቀቀ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያቆማት በቀሏ ነበርና እርሱን ለመጣል አልደፈረችም።

«ዘገዩ» አለች። «ሁለት ዓመት ዘገዩ። አንተንም አልማርኩህም፤ ነጻ ወጣሁ ብለህ ደስ አይበልህ።»

ቶማ ካቴናውን ከሶርሳ እጅ ፈትቶ ወደ እርሷ መጣ። እጆቿን ራሷ ዘረጋችለት። ከአጥር ማዶ ወሬው ደርሶ ኖሮ ጩኸቱ ጸጥ አለ፤ ድንጋይ የጨበጡትም እጃቸውን ማሳረፊያ ቦታ ያጡ መሰሉ። ሳህሊቱ ክንዷን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻት። ሰብለ አንድም ጊዜ አልተሰናከለችም፤ ራሷም አልተደፋም።

መኪናው በር ላይ ግን ቆመች። ኢንስፔክተሯን ሳታያት፣ ከዚያ በፊት ለማንም ባላሰማችው የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ለታምራት ሲነሡለት... ሁሉም ቆመው ነበር?»