አሮጌው ውኃ

ዓሦቹን የገደላቸው ንጹሕ ውኃ ነው። ሰባቱም በአንድ ሌሊት አለቁ። የጨረሰቻቸው ሩሐማ ናት፤ መሣሪያዋም ሁለት ባልዲ፣ አንድ የላስቲክ ቱቦና የባዮሎጂ ዲግሪዋ ነበር።

ሩሐማ ቢሾፍቱ ውስጥ በየሆቴሉና በየሰው ቤት እየዞረች አኳሪየም ታጸዳለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ቶሎ መሄድ ትወዳለች። ሐዋሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጀምር አምስት ሳምንት ቀርቷት ሳለ አንድ የሆቴል ዘበኛ፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሮጌ ቪላ ጋሽ አየልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሦቻቸውን የሚያይላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገራት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብላ ሄደች።

ቪላው ግንቡ ሽበት ያወጣ፣ ደጁን ሣር የዋጠው ቤት ነው። በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነበር፤ ዝናብ የመታው አፈር፣ ለዓመታት ያልታጠበ የእንስራ ቂጥና ስም ልትሰጠው ያልቻለች ጣፋጭ ነገር ተደባልቀው፣ አየሩ የሚተነፍሱት ሳይሆን የሚውጡት መስሎ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ጠርዛቸው ዙሪያውን በሻማ ሰም ተደፍኗል። ሳል አጣደፋት፤ ዓይኗ አነባ። ወደ አንዱ መስኮት ስትራመድ ጋሽ አየልኝ ክንዷን በቀስታ ያዙ።

«ተዪው ልጄ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ተቀመጪ። ቀስ በቀስ ነው።»

ወንበር አመጡላት። በሩን ገርበብ አድርገው ከተዉት በኋላ ትንሽ ቆይተው አንድ ስንዝር አጠበቡት፤ ደግሞ ቆይተው ሌላ ስንዝር። ሩሐማ በልቧ ሳቀች። ብርድ ይመታናል እያሉ በዚያ ሁሉ ሙቀት የአውቶቡስ መስኮት ከሚያዘጉ ሽማግሌዎች ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ እኚህም ከእነሱ አንዱ ናቸው ብላ አለፈችው።

ገንዳው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ውኃው የቀጠነ ሻይ ይመስላል። በውስጡ መዳፍ የሚያህሉ ሰባት ወርቃማ ዓሦች፣ ከውኃ ይልቅ በማር ውስጥ እንደሚሄዱ ሁሉ፣ በዝግታ ይዞራሉ። ጋሽ አየልኝ ግን ስምንት ናቸው አሏት። ስምንተኛው ጥግ ካለው ጥቁር ድንጋይ ኋላ ስለማይወጣ ነው የማይታየው። ሩሐማ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አየች። ጨለማ ብቻ ነበር፤ ከጨለማው ውስጥ ግን፣ የአየር ቱቦ በሌለበት፣ ትናንሽ አረፋዎች አንድ በአንድ ይወጣሉ።

በዓሣ አያያዝ መከራከራቸው አልቀረም። ጋሽ አየልኝ ዓሦቹን ረቡዕና ዓርብ ያስጾማሉ፤ ይህን እንኳ ሩሐማ ደግፋላቸዋለች፤ ዓሣን የሚገድለው ከረሃብ ይልቅ ጥጋብ ነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አለማጠባቸውም ልክ ነው። ውኃውን በተመለከተ ግን አልተስማሙም። እሷ በየሳምንቱ ሩቡ ይቀየር ትላለች፤ እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተነነውን ከመሙላት በቀር ነክተውት አያውቁም። የውኃ መመርመሪያ ወረቀቷን ብትነክረው ቀለሙ የበሬ ጉበት መሰለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውኃ አይደለም፤ ሽንት ነው።»

«የለመዱት ሽንት ነዋ» አሉ እየሳቁ። «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጽሐፉን ዓሣውም ያነበበው ይመስላችኋል። አዲስ ዓሣ ብትከቺበት ወዲያው ይሞታል። እነዚህ ግን ውኃው ቀን በቀን ሲከፋ አብረውት ከፉ፤ አላወቁትም።»

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አየልኝ መኝታ ቤታቸው ጋደም ባሉበት፣ ሩሐማ ትዕግሥቷ አለቀና የገንዳውን ግማሽ ቀድታ ደፋችው። የሞላችበት ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ቀን ክፍቱን ያደረ ነው። የረሳችው አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ባረጀ ውኃ ውስጥ አሲዱ ስለሚበዛ መርዙ ተኝቶ ይኖራል፤ ንጹሕ ውኃ ሲደርስበት ይነቃል። መጽሐፉ ላይ አለ፤ ፈተናም ወጥቶባት መልሳዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ስትመጣ ሰባቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው፣ የጎን መተንፈሻቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ተንሳፍፈው ጠበቋት።

ጋሽ አየልኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ዓሦቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጋዜጣ ላይ ደረደሩና ወደ ድንጋዩ አመለከቷት። አረፋው አሁንም ይወጣል።

«እሱን አትርፊልኝና ትሄጃለሽ» አሏት።

እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? በኮሪደሩ ውስጥ ጋሽ አየልኝ ለክፉ ቀን ከገንዳው ጎን ለጎን ሲያስረጁት የኖሩት አሮጌ ውኃ በጀሪካን ተደርድሯል፤ እሱን በየሰዓቱ አንዳንድ ኩባያ እየጨመረች ገንዳውን ወደ ነበረበት ትመልሳለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ቆየች፤ በማግሥቱ ሦስት፤ ከዚያ እስከ ምሳ። በሁለተኛው ሳምንት መመላለሱ ሲሰለቻት ከሳሎኑ ጎን ባለችው ክፍል ፍራሽ አነጠፈች። እናቷ ከሞጆ ደውላ፣ አንቺ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብተሽ ነው እንዴ የምታወሪው ስትላት ኔትወርክ ነው ብላ ዘጋች።

በዘጠነኛው ቀን ሽታው ጠፋ። ቤቱ የተናፈሰ መስሏት መስኮቶቹን ዞራ አየች፤ ሰሙ እንዳለ ነው። የዚያኑ ቀን ዳቦ ልትገዛ ብትወጣ ባጃጁ ውስጥ ደረቷ ተጨመደደ፤ ነፋሱ አመድ እንደ መቃም ሆነባትና በሻርቧ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ተመለሰች። የአበባ ብናኝ ነው አለች። ሻርቡ ላይ ደም ነበረበት። ቤት ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ትንፋሿ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ እንደ ነከረ ሰው፣ ቀስ ብሎ ረጋላት።

ጋሽ አየልኝ በአንጻሩ እየተሻላቸው ሄደ። መጀመሪያ ስታውቃቸው ከደጃፉ አልፈው አያውቁም፤ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው በሩን ለጥቂት ደቂቃ ከፍተው ይዘጉ ነበር። በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ማንበብ ጀመሩ። በአራተኛው ሳምንት እስከ አጥሩ ደርሰው፣ ከባጃጅ ነጂዎች ጋር ተቀላልደው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። ሰው ስላገኙ ነው ብላ ደስ አላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኩባያዋን ይዛ ገንዳው ፊት ቆማ ሳለ ልብ ያላለችውን ነገር ልብ አለች። አረፋው እሷ ትንፋሽ ስታስወጣ ይወጣል፤ ስታስገባ ይቆማል። አጋጣሚ ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። አረፋው ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የማጣሪያው ጉርምርምታ ራሱ የራቀ መሰላት። እስከ ሠላሳ ቆጠረች፤ ጆሮዋ ውስጥ ደሟ ሲመታ እየሰማች እስከ ሃምሳ ቆጠረች፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ደረቷ ሊፈነዳ ሲል፣ ከድንጋዩ ኋላ ነጣ ያለ፣ እንደ ሰው መዳፍ የሰፋ፣ ክንፍም ቅርፊትም ያልሆነ ነገር ወደ መስታወቱ ተጠጋ፤ ለምን ዘገየሽ የሚል ይመስል ነበር። ተነፈሰች። ተመልሶ ጨለማው ውስጥ ገባ፤ አረፋውም ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጥግ ሳታይ ነው ውኃ የምትጨምረው።

መሄጃዋ ዓርብ ደረሰ። ሻንጣዋን ዘግታ ወደ ሳሎን ስትወጣ ጋሽ አየልኝ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አሥረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስምንተኛው ደኅና መሆኑን ጠየቋት።

«ደኅና ነው መሰለኝ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላየሁትም እንጂ።»

«እኔም አላየሁትም። ከእኔ በፊት የነበሩት ወይዘሮም አላዩትም።»

ሩሐማ ሻንጣዋን እንደ ያዘች ቆመች። ቤቱ የእርሳቸው አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ቧንቧ ልጠግን ነበር የመጣሁት» አሉ ጋሽ አየልኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ኀዘንም የለም። «የእኔ ልጅ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወይዘሮዋ ወንበር አመጡልኝና በሩ አጠገብ ተቀመጥ አሉኝ። ውስጥ ሆኖ ለስምንተኛው የሚተነፍስለት ሰው ካለ፣ ሌላው ቀስ በቀስ መውጣት ይችላል።»

ቀሪውን አልሰማችም። አልፋቸው ሄደች፤ በሩን በኃይል ከፈተችው፤ ወጣች። የቀትር ፀሐይ ሣሩ ላይ ተዘርግታለች፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጥርት ያለ ነው። አጥሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ የጠራችው ባጃጅ ጥሩንባውን እያስጮኸ ይጠብቃታል። በሦስተኛው እርምጃ ነፋሱ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ጉሮሮዋን ቧጠጠው። በአምስተኛው አፏን ከፈተች፤ ከፈተች፤ ምንም የሚገባ ነገር አልነበረም። ሰማዩ ጠበበ። ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ባጃጅ ነጂው አንድ ነገር ሲጮህ በሩቅ ሰማች፤ ሰውነቷ ግን እሷን ሳይጠይቅ፣ በክርኗና በጉልበቷ እየዳኸ፣ ወደ መጣችበት አዙሯት ነበር። ደጃፉን ስታልፍ ሞቅ ያለው፣ ወፍራሙ አየር ገብቶ ሳንባዋን ሞላው። ጥጉ ላይ አረፋው ተንተከተከ።

ጋሽ አየልኝ ተራምደዋት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ግን ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። ሰው እስኪልኩላት እንድትበረታ ነገሯት፤ የሆቴሉ ዘበኛ ስልክ ቁጥር እንዳላቸው፣ አኳሪየም የሚያጸዳ ሌላ ሰው መቼም እንደማይጠፋ። ሩሐማ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ ምላሷ ላይ ሰበሰበች። ሐዋሳን፣ እናቷን፣ ባጃጁን አሰበች። ከተከፈተው በር የሚገባው ንጹሕ ነፋስ ግን ፊቷን እየላጠው፣ ዓይኗን እያቃጠለው ነበርና፣ ስድቡን ትታ የሚቀድመውን ለመነች።

«ጋሼ… በሩን» አለች።

ጋሽ አየልኝ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ወጡ፤ ብርድ እንዳይመታትም በሩን ጥብቅ አድርገው ዘጉላት።