መብራት በመጣ በግማሽ ደቂቃ

ሸረሪት ሲያጋጥማት እንኳ በወረቀት አንስታ በመስኮት የምታወጣ ልጅ፣ ሰው ሞቶ «ሐሙስ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ምን ስታደርጊ ነበር?» ስትባል ስለ ምን ዝም ትላለች? እማማ ሄይልወን ይህን ጥያቄ ከዓርብ እስከ ሰኞ ሲያገላብጡት ሰነበቱ፤ መልስ ግን አላገኙለትም።

ልጅቱ ማብሊ ትባላለች፤ የልጃቸው ልጅ ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የሞቱት ደግሞ የእማማ ታናሽ ወንድም ኤምሊን ናቸው። ዓርብ ጠዋት እማማ ሄይልወን እንደ ልማዳቸው እንቁላል ሊቀበሉ ሄደው በሩ አልከፈት ሲላቸው ጎረቤቱን አቶ ተጊድን ጠሩ። አቶ ተጊድ በትከሻቸው ሁለት ጊዜ ገፍተው ቢከፍቱት፣ ኤምሊን ከደረጃው ግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል፤ አንድ ጫማቸው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። እማማ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጫማውን አንስቶ እግራቸው ላይ ማጥለቅ ነበር። ይበርደዋል ብለው ነው። ፖሊሶቹ በኋላ ተቆጥተዋቸዋል።

ሐኪሙ ክንዳቸው ላይ የጣቶች ምልክት አየ። ሰው አጥብቆ ይዟቸዋል፤ ይዞም ገፍቷቸዋል። መቼ? ቤቱ በጣም ስለ ቀዘቀዘ፣ ሐኪሙ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ» ከማለት በቀር አልቆረጠም። ሰዓቱን የቆረጠችው የማብሊ መሣሪያ ናት።

የኤምሊን ሚስት ኦልወን ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማብሊ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ገዝታ፣ ድምፅ ማጉያ ገጥማ፣ ከኤሌክትሪክ ሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ አስቀምጣላቸው ነበር። መሣሪያዋ መብራት ስታገኝ ማንም ሳይነካት ራሷ ተነሥታ የተጻፈላትን ትፈጽማለች። የተነሣችበትን ሰዓት ትመዘግባለች፣ ከዚያ ከድሮ የስልክ መልእክት የተቀዳውን የኦልወን ድምፅ ታሰማለች፦ «ኤምሊን፣ ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው።» ኤምሊን ሊተኙ ሲሉ እሳት ፈርተው የግድግዳውን የሶኬት ማብሪያዎች አንድ ሳያስቀሩ ያጠፋሉ፤ ጠዋት ሲያበሩ ሚስታቸው ትጠራቸዋለች። መንደሩ በሙሉ ይህን ያውቃል። እማማ ሄይልወን አንድ ቀን ሰምተው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። «የሞተ ሰው ይረፍ እንጂ» ቢሉ፣ ኤምሊን «እሷ በሕይወት እያለችስ መቼ አርፋ ታውቃለች?» ብለው ሳቁባቸው።

የመሣሪያዋ መዝገብ የመጨረሻ መስመር «ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሰባት» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም ስላልተመዘገበ፣ ፖሊሶቹ ሞቱን ያን ሰዓት ላይ አደረጉት። በዚያ ሰዓት ማብሊ እዚያው ቤት ነበረች፤ አሥር ተኩል ላይ ስትወጣ አቶ ተጊድ አይተዋታል። ፖሊሶቹ ሲጠይቋት «እኔ አላስነሣኋትም» አለች። መስመሩን ሲያሳዩአት ግን ፊቷ ነጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም። ማክሰኞ ማታ ሊወስዷት ተዘጋጅተዋል።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ኔስታ ከከተማ መጣች። አጭር፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈን የምታደርግ ሴት ናት። እማማ ሄይልወን ገና በሩ ላይ ያዟት።

«ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ዝንብ አትገድልም። ቁርስ አልበላችም። ትናንትም አልበላችም።»

«እማማ፣ ያልበላ ሰው ሁሉ ንጹሕ ቢሆን እኔ ሥራ አይኖረኝም ነበር። ቤቱን ያሳዩኝ።»

በኤምሊን ወጥ ቤት ኔስታ ምንም ሳትነካ ብዙ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ከግማሽ በታች የቀረ ሻማ አለ፤ ከኋላው በነጩ ግድግዳ ላይ የሰም ጠብታ ተረጭቷል።

«ወንድምዎ ሻማ እንዴት ነው የሚያጠፉት?»

«በምራቅ በነካ ጣቱ ቆንጥጦ። እናታችን እፍ ማለት ከልክላናለች፤ ሰሙ ግድግዳ ያበላሻል ትል ነበር። ሰባ ዓመት ሞልቶትም እናቱን እንደ ፈራ ነው።»

ኔስታ ወደ ግድግዳው ማብሪያዎች ጎንበስ አለች። የራዲዮው በርቷል፣ የማንቆርቆሪያው በርቷል። የጠፋው የመሣሪያዋ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ያበጠውን እንጨት በእጇ ዳሰሰች።

«ይህ በር ሁልጊዜ እንዲህ እየተጣበቀ ያስቸግራል?»

«በዝናብ ጊዜ ያብጣል። ኤምሊን ዘግቶት አያውቅም፤ ገርበብ አድርጎ በዚያ ድንጋይ ነበር የሚያስደግፈው። ዶሮዎቹ እየገቡ ምንጣፉን ቢያበላሹበትም።»

«ዓርብ ጠዋት ግን ተዘግቶ ነበር።»

«ግጥም ብሎ» አሉ እማማ፤ ያን ጊዜ ነው ብርድ ብርድ ያላቸው።

አቶ ተጊድ ተጠሩ። የጸሎት ቤቱ ዲያቆን ናቸው፤ የኤምሊን ዶሮዎች ጎመናቸውን ስለ ጨረሱባቸው ከፋሲካ ወዲህ ከኤምሊን ጋር በጎ ቃል አልተለዋወጡም።

«ጠላትዎ ነበሩ ማለት ነው» አለች ኔስታ።

«ጎመኔን በተመለከተ አዎ። ሐሙስ ቀትር ላይ ግን ሻማ ሰጥቼዋለሁ፤ ከጸሎት ቤቱ፣ ክሩ ያልተነካ አዲስ። አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ነበር። ጠብ ሌላ፣ ሻማ ሌላ።»

«መብራት መቼ ጠፋ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር። የመጣው ማታ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ኢንተርኔቱ ግን እስከ ዓርብ ቀትር እንደ ተቋረጠ ነበር፤ የልጅ ልጆቼን ፊት ሳላይ አደርኩ።»

ኔስታ የሻማውን ቁራጭ አሳየቻቸው። አቶ ተጊድ በጣታቸው ለኩት። «አርባ ዓመት ያበራሁት ሻማ ነው። ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድዷል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም።»

የኤምሊን ልጅ ሮድሪ ከሚኖርበት ከሬክሰም ከተማ መጥቶ በእማማ ሄይልወን ቤት አርፏል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እማማ ገና በሕፃንነቱ አዝለውት ያውቃሉ። ኔስታ ከሰዓት በኋላ እማማ ባሉበት አነጋገረችው።

«ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። በዚያ ነፋስ ማን መኪና ይነዳል?»

«አባትህ ቤቱን አልሸጥም ብለውህ ነበር።»

«ብሎኛል። ወደ አረጋውያን ማረፊያ ግባ ስለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እንደ በቅሎ ግትር ነበር፤ አክስቴ ትመስክር።»

«በቅሎስ አንዳንዴ ይሰማል» አሉ እማማ።

ሮድሪ ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። «ማብሊን አልወቅሳትም፤ ልጅ ናት። ግን ብቻውን በሚኖር ሽማግሌ ቤት፣ ዶሮ ይገባል እያለ የሚጮህ የሞተ ሰው ድምፅ ያስቀምጣሉ? እኔም ብሆን ከደረጃ እወድቅ ነበር።»

እማማ ሄይልወን «ሻይ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሐዘን አዛብቶበት ነው ብለው ተዉት። ኔስታ እስክሪብቶዋን ለአፍታ አቆመች።

«እማማ፣ ሻይ ይኖራል?» አለች።

ወደ ማታ ኔስታ ማብሊ ተኝታበት ወደ ነበረው ክፍል ገባች። እማማ ተከትለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መዝገብሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት» አለች ኔስታ። «ሰዓቶቹ ሁሉ ዓይነት ዓይነት ናቸው። ጥር ላይ ግን መንደሩ ኢንተርኔት ባጣባቸው ሁለት ቀናት፣ ሁለቱም መስመሮች አሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ያልቃሉ። የሐሙሱም እንደዚያው። በየሰዓቱ አሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ምን ታደርጋለች?»

ማብሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ታስቀምጣለች» አለች፣ ድምፅዋ ሻክሮ። «የራሷ ሰዓት የላትም። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የምትጠይቀው። ጊዜው እንዳይጠፋባት በየሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሲሆን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ትጽፋለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚነግራት ካጣች፣ መጨረሻ ከጻፈችው ትቀጥላለች።»

«እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ሰዓቱ ያልሄደ እንደሚመስለው ሰው።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ያ መስመር የአሥር ሰዓት አይደለም። መብራት የመጣበት ነው፤ አንድ ሰዓት ከአርባ። ይህን እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

ልጅቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ሐሙስ ድምፁን ቀይሬው ነበር፣ አያቴ። አሮጌ ካሴት ላይ ሌላ አገኘሁ። ጠዋት ሲያበራት እንዲስቅ ብዬ አልነገርኩትም። መስመሩን ሳየው ገባኝ። መብራት መጣ፣ በድንገት አዲስ ነገር ተናገረች፣ ደንግጦ ወደቀ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ድንጋጤ ክንድ ላይ የጣት ምልክት አይተውም» አለች ኔስታ። «ምን እንደምትል በጆሮዬ ንገሪኝ።»

ማብሊ በጆሮዋ ነገረቻት። ኔስታ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

ያን ምሽት ማብሊ ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣች። እማማ ሄይልወን ግን አልቻሉም። ዶሮ የሚለው ቃል ከአእምሯቸው አልወጣ ብሎ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለራሳቸውም ሊነግሩት አልወደዱም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በኤምሊን ወጥ ቤት ተሰበሰቡ፤ እማማ፣ ማብሊ፣ አቶ ተጊድና ሮድሪ። በሩ በድንጋዩ ተደግፎ ገርበብ ብሏል። ከአጥሩ በር አንድ ፖሊስ ቆሟል። ዶሮዎቹ ደጃፉ ላይ ይጭራሉ።

«ከሻማው ልጀምር» አለች ኔስታ። «ሐሙስ ቀትር ላይ አዲስ ነበር። መብራት ጠፍቶ የቆየው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሻማውም ልክ ያን ያህል ነድዷል። የለኮሱት ኤምሊን ናቸው። ስለዚህ ማብሊ ከወጣች በኋላ በሕይወት ነበሩ። ያጠፋው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እፍ ብሎ፣ ሰሙን ግድግዳ ላይ ረጭቶ። መብራት ሲመጣ እዚህ የቆመው ኤምሊን ቢሆኑ በጣታቸው ይቆነጥጡት ነበር።»

«እናታችንን ይፈራ ነበርና» አሉ እማማ ሳያስቡት።

«መብራቱ መጣ። ማብሊ፣ መሣሪያሽ ወዲያው ትናገራለች?»

«አትናገርም። መጀመሪያ የሠራኋት ጊዜ ማጉያው ሳይዘጋጅ ቀድማ እየተናገረች ድምፁ ይጠፋ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ ብዬ ጻፍኩላት።»

«ግማሽ ደቂቃ። ሻማ እፍ ለማለት ይበቃል። ያ ሰው፣ ሬሳው ከደረጃው ግርጌ ተኝቶ ሳለ፣ ሻማውን አጥፍቶ ሊወጣ ሲል ከኋላው የኦልወን ድምፅ ተናገረ። ተመልሶ እሷን ብቻ በግድግዳው ማብሪያ አጠፋት። ኤምሊን ሊተኙ ሲሉ ሁሉንም ነው የሚያጠፉት፤ ይህ ሰው የቸኮለው አንድ ድምፅ ዝም ለማሰኘት ነበር።»

አቶ ተጊድ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ማንም ሊሆን ይችላል እኮ። እኔም ጭምር።»

«እርስዎ ኦልወን ስለ ምን ትናገራለች ቢባሉ ምን ይላሉ?»

«ስለ ሻይ። ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

«መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ሻይ ነው። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ግን ድምፁ ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። አዲሱ ድምፅ በዚህ ቤት የተሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሻማውን ላጠፋው ሰው።» ኔስታ ዞረች። «እማማ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ነበር። ሮድሪ መሣሪያዋ ምን ትላለች አለን?»

እማማ ሄይልወን በግራቸው የተቀመጠችውን የማብሊን የተቆረጣጠሙ ጥፍሮች አዩ። በቀኛቸው ያለውን፣ ኩፍኝ ሲይዘው አቅፈውት ያደሩትን ልጅ አዩ። አልሰማሁም ማለት ይችሉ ነበር። አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬ ደክሟል ማለት ይችሉ ነበር። ማብሊ ግን በዚህ ማታ ትወሰዳለች።

«ስለ ዶሮ» አሉ፣ ሮድሪን እያዩ። «ዶሮ ይገባል ትላለች አልክ፣ ልጄ። ተሳስቶ ነው ብዬ ነበር።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች ኔስታ በቀስታ፤ የድል ድምፅ አልነበረባትም። «አንድ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር፤ በሩን ማን ዘጋው? የሚሸሽ ሰው የሚጣበቅ በር አንስቶ ስቦ አይዘጋም። ማብሊ ያገኘችው ካሴት ሮድሪ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የተቀዳ ነው።»

እጇን ዘርግታ የግድግዳውን ማብሪያ አበራች። ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ግማሽ ደቂቃ ብዙ መሆኑን እማማ ሄይልወን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር። ከደጅ የዶሮዎቹ ጭረት ይሰማል።

ከዚያ ወጣት ኦልወን ተናገረች፤ በሳቅ የታፈነ የቁጣ ድምፅ ነበር።

«ሮድሪ! በሩን ዝጋው፣ ዶሮዎቹ ይገባሉ።»

ሮድሪ ተነሣ። አባቱ የወደቁበትን ቦታ፣ ቀጥሎ አክስቱን ተመለከተ። እማማ «ኮትህን ልበስ፣ ይበርድሃል» ሊሉት ፈለጉ።

ወደ ደጅ ሄደ። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገ፣ መግባት የጀመረችውን አንዲት ዶሮ ቀስ ብሎ መለሳት፤ ከወጣም በኋላ ያበጠውን በር ከውጭ ወደ ላይ አንስቶ ግጥም አድርጎ ዘጋው።